የቁም እድር

ጋሽ ሻንቆ ደውሎ «በለጡ አረፈች» ሲለኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «የትኛውን ማረፍ?» የሚል ነበር። ሌላ ሰፈር ቢሆን ለመርዶ ነጋሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያቀርብ ሰው ጤነኛ አይባልም። በእኛ ሰፈር ግን፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ባለው፣ በተለይ መርዶ ነጋሪው ጋሽ ሻንቆ ከሆነ፣ ሳይጠይቁ ማልቀስ ሞኝነት ነው። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ጋሽ ሻንቆም፣ «ዛሬስ አልተሳሳትኩም ወንድሜ። ምነው በተሳሳትኩ!» አለኝ። የነጠላ ሱቄን ዘግቼ ወጣሁ።

እትዬ በለጡን የቀበርናት ባለፈው ጥር ነው። ብዙ ቀብር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን በቃሬዛ፣ በተሽከርካሪ ወንበርና በሰው ጀርባ የመጣ ለቀስተኛ አይቼ አላውቅም። ከአልጋ አይነሱም የተባሉ ሰዎች ሁሉ ተነሥተው መጥተዋል። ብታያቸው ኖሮ መጀመሪያ ደስ ይላት፣ ቀጥሎ ደግሞ «ማነው ይሄን ሰውዬ ያለ ጋቢ ያወጣው?» ብላ ትቆጣ ነበር።

ሙሉ ስሟ በለጥሻቸው ነው። አባቷ ማንን እንደበለጠች አስበው እንደሰየሟት አላውቅም፤ እሷ ግን ሁላችንንም ማለታቸው ነው ብላ ታምን ነበር። በዕድሜ ትበልጠኛለችና አንድ ቀን አንቱ ብያት፣ «አንቱ ብለህ አታርቀኝ። እኔ የምፈልገው ስጠራህ እንድትመጣ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ እያልኩ ስትጠራኝ እመጣ ነበር። አለመምጣት አይቻልም ነበርና።

ሥራዋ በወጉ ሲጠራ የቤት ለቤት ተንከባካቢ ነው። ጤና ጣቢያው አሠልጥኗት፣ ወረዳው ባጅ አንጠልጥሎላት፣ አልጋ የያዙ በሽተኞችንና ጧሪ ቀባሪ የሌላቸውን አረጋውያን በየቤታቸው እየዞረች ታጥባለች፣ ታበላለች፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ታስውጣለች። ባጁን ትወደው ነበር። ቅዳሴ ስትሄድ እንኳ ነጠላዋ ላይ አንጠልጥላው አይቻታለሁ። ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። «እኔ ባልኖር ይሄ ሰፈር አልቆለት ነበር» ትላለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። የሚያናድደው እውነቷን መሆኑ ነው።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ ስታሸርጥ ካያችሁ ሽሹ። ያን ጊዜ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ድንገት ቀጠሮ ትዝ ይለዋል። አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ደርቶ ሱቄ በሙሽራ ወገን ተጨናንቆ ሳለ፣ አሸርጣ ከበሩ ላይ ቆመች። «ተነሥ» አለችኝ። ስትሮክ የመታው አንድ የቀድሞ ሹፌር የሐኪም ቀጠሮ ነበረው፤ ከቤቱ እስከ ታክሲው ድረስ የሚሸከመው ሰው ጠፍቷል።

«እትዬ በለጡ፣ ደንበኛ አለብኝ እኮ!»

«ደንበኛህ ጥለት ትመርጣለች፣ አትሞትም። አንተ ጉልበት አለህ፣ እኔ አፍ አለኝ። በል እንሂድ።»

ሙሽሪት ራሷ «ሂዱ፣ ሂዱ፣ እኛ እንጠብቃለን» አለችኝ። በለጡ ከደጅ ሆና መረቀቻት።

ያን ዕለት ነው አሠራሯን መጀመሪያ ያየሁት። «ቤቶች!» ብላ መልስ ሳትጠብቅ ገባች። ወንበር ቢቀርብላትም አልተቀመጠችም፤ ቀጥታ በሽተኛው አልጋ ላይ፣ እግሩ ሥር ዘፍ አለች። ወንበር ላይ የሚቀመጥ እንግዳ ነው ባይ ናት። ከዚያ እኔ ይሄን ሰው ምን ልትሰጠው ይሆን ብዬ ስጠብቅ፣ ጭራሽ እሷ ለመነችው። «ዛሬ ከቤቴ ስወጣ ከልጄ ጋር ተጣልቼ ነው የወጣሁት። ሆዴን ባር ባር ብሎታል። እስቲ መርቀኝ» አለችው። ሰውየው መናገር አይችልም። ደኅናውን ግራ እጁን ቀስ ብሎ አነሣና በራሷ ላይ አደረገው፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «አሜን» አለች ጮክ ብላ፣ «አሜን፣ አሜን!» ልሸከመው ጎንበስ ስል ያ ሰው ከአንድ ደቂቃ በፊት ያየሁት ሰው አልነበረም። ቀና ብሏል።

ኋላ በመንገድ ላይ ከልጅሽ ጋር ምን አጣላሽ ብላት፣ «የምን ልጅ? እኔ መቼ ወለድኩ!» ብላ ሳቀችብኝ። «ተቀባይ ብቻ የሆነ ሰው ቶሎ ይደክማል። መጀመሪያ አንድ ነገር እንዲሰጥ አድርገው፤ ከዚያ አንተ ብትሰጠው አያፍርም።» በየቤቱ እንዲህ ነበረች። ከአንዱ ውኃ ትጠጣለች፣ ከአንዱ ምክር ትጠይቃለች፣ ጥርስ ከሌላቸው አዛውንት ጋር ስለ ፖለቲካ ትከራከርና ሆን ብላ ትሸነፋለች።

አሁን ስለ እማማ ጌጤ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሳቸው ላይ ነውና።

እማማ ጌጤ ፈታይ ነበሩ። የሰፈራችን ሸማኔዎች ግማሾቹ በእሳቸው ፈትል ሠርተው ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ልጅ አልወለዱም፤ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አንድ ክረምት የጓሮው የጭቃ ግድግዳ በዝናብ ተንዶ ወደቀ። ሳምንት ሳይሞላ እሳቸውም ሊወጡ ሲሉ አዳልጧቸው ወደቁ። አጥንት አልተሰበረም፣ ዳሌያቸው ግን ክፉኛ ተጎዳ። ሆስፒታሉ አክሞ መለሳቸው። መነሣት ግን አልቻሉም። የተናደውን ግድግዳ በላስቲክ ሸፍነንላቸው፣ በለጡ ጧትና ማታ እየተመላለሰች ታነሣቸዋለች፣ ትጥላቸዋለች።

ወረዳው የላካት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ፣ ሰላም የምትባል ጨዋ ወጣት፣ መጥታ አየች። ላስቲኩን አየች፣ እርጥቡን ወለል አየች፣ በለጡንም አነጋገረች። «እማማን ከከተማ ወጣ ያለ የአረጋውያን ማእከል እናስገባቸው። ንጹሕ ነው፣ ነርስ አለ፣ ምግብ አለ» አለች። የተናገረችው ሐሰት የለውም። የሰው ክፋት ቢኖርበት ለእኛም ይቀልለን ነበር፣ የምንሰድበው ሰው እናገኝ ነበር። መኪናው መስከረም ሲገባ፣ ሐሙስ ዕለት ሊወስዳቸው ተቀጠረ።

እማማ ጌጤ ይህን ሲሰሙ አልጮኹም፣ አልተቃወሙም። በለጡን ብቻ እጇን ይዘው፣ «እዚያ ማን ብለው ይጠሩኛል?» አሏት። «እዚህ ልጁ ሁሉ እማማ ጌጤ ይለኛል። ጧት የሸማኔው ዕቃ ሲንኳኳ እነቃለሁ። እዚያ ስሄድ እኮ አንዲት አሮጊት ነው የምሆነው።» በለጡ ስትነግረኝ ዐይኗ ቀልቶ ነበር። እሷ ስታለቅስ አይቼ ስለማላውቅ ጉንፋን ነው ብዬ አለፍኩት።

እሑድ የእድራችን ስብሰባ ነበር። እድራችን አንጋፋ ነው፤ የራሱ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ የራሱ ጡሩምባ ነፊም አለው፤ ጋሽ ሻንቆ ማለት ነው። ሰው ሲሞት በማለዳ እየዞረ ጡሩምባውን ነፍቶ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። ሊቀ መንበሩ አቶ ዘውዴ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ናቸው፤ እኛም እስከ ዛሬ ያረፈዱ ተማሪዎች እንመስላቸዋለን። የእድሩን ማኅተም በመሐረብ ጠቅልለው ከደረት ኪሳቸው አያወጡትም። ለእሳቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥሎ ያለው ቃል የእድሩ ደንብ ነው።

በለጡ ተነሣች። አሸርጣለች። አጠገቤ ያለው ሰው «በቃ፣ አለቀልን» አለኝ።

«እማማ ጌጤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የዚህ እድር አባል ናቸው። የማናችንም ለቅሶ አምልጧቸው አያውቅም። አሁን ሐሙስ ሊወስዷቸው ነው። እድሩ ግድግዳቸውን ያቁም፣ አባላት ደግሞ ተራ ገብተን እንያዛቸው። በቃ፣ ይሄው ነው ጥያቄዬ።»

አቶ ዘውዴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ወይዘሮ በለጥሻቸው፣ ሐሳብዎ ክቡር ነው። ግን የእድራችን ደንብ የሚናገረው ስለ ለቅሶ ነው። እማማ ጌጤ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሞቱም።»

«እንግዲያው ቶሎ ይበሉ ልበላቸው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ዘውዴ ጠረጴዛውን መቱ። በለጡ ግን አልሳቀችም። «ልጅ የሌለው ሰው የቁም ተዝካር ያወጣ የለም ወይ? ሳይሞት፣ በዐይኑ እያየ፣ ቄስ ጠርቶ፣ ድሃ አብልቶ! የቁም ተዝካር ካለ የቁም እድር ለምን አይኖርም? ደግሞስ ስለ ሰው ሲነገር ‘ጧሪ ቀባሪ’ ነው የሚባለው ወይስ ‘ቀባሪ ጧሪ’? ቃሉ ራሱ ተራውን አይነግራችሁም? መጦሩን ዘልላችሁ መቅበሩ ላይ ምን አስቸኮላችሁ?»

አንድ ሽማግሌ ሊያበርዱ ብለው «እውነት ነው፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አሉ።

«ሁልጊዜ እሱን ትላላችሁ!» አለች ዘወር ብላ። «ሸማኔ አይደላችሁ እንዴ? ድሩን የሚያደራው ማነው?»

አቶ ዘውዴ ጉዳዩ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታይ ብለው አሳደሩት። የሚቀጥለው ስብሰባ ከሐሙስ በኋላ ነው። በለጡ ወጥታ ሄደች፤ በሩን ስትዘጋው ጣሪያው ተንቀጠቀጠ።

ማክሰኞ ማለዳ የሆነውን እንግዲህ ስሙ። ሰኞ ሌሊቱን እማማ ጌጤን ሕመሙ ሲያሠቃያቸው አደረ። በለጡ አብራቸው ነበረች። ሊነጋጋ ሲል ማስታገሻው ሠራና እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጧት ውኃ ሊያመጣላቸው የተቀጠረው ጋሽ ሻንቆ ነበርና፣ በር አንኳኩቶ እንዳይቀሰቅሳቸው ብላ ደወለችለት። የተናገረችው ይህን ነው፤ ሁለቱም ኋላ ሲካሰሱ ያልተካካዱበት ቃል ይህ ብቻ ነው፦ «እማማ ጌጤ ሌሊቱን ሙሉ ሲቃትቱ አድረው ገና አሁን አረፉ።»

ጋሽ ሻንቆ ከዚህ በኋላ ያለውን አልሰማም። «ወይኔ እናቴን!» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ለእሱ እንደ እናት ናቸው፤ ከጋሞ ወጣት ሆኖ ሲመጣ የመጀመሪያውን ፈትል በዱቤ የሰጡት እሳቸው ነበሩ። እያለቀሰ ጡሩምባውን አወረደ። በለጡ ደግሞ ስልኩ ተዘጋብኝ ብላ ሳትጠረጥር፣ ድካም ጥሏት ሰሌኑ ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

ጡሩምባው እንደዚያ ቀን ሲነፋ ሰምቼ አላውቅም። «የተከበራችሁ የእድራችን አባላት! እናታችን ወይዘሮ ጌጤ ስላረፉ...» ይላል፣ ያለቅሳል፣ ደግሞ ይነፋል። ሱቅ ሁሉ ሳይከፈት ቀረ። ሸማኔው ከሽመና ጉድጓዱ ወጣ። ወንዶቹ ድንኳኑን፣ ሴቶቹ ድስቱን ተሸክመው ዳገቱን ወጡ። ብዙዎቹ እሑድ ዕለት በስብሰባው ላይ የነበሩ ናቸውና ልቅሶው የተለየ ነበር። ሴቶቹ ደረት እየደቁ «እማማዬን! ሐሙስን ጠልተው ሄዱብን!» ይላሉ። አቶ ዘውዴ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። ፊታቸውን ያየሁት ያኔ ነው፤ ሰውየው በጸጸት ታምመው ነበር።

በሩ ተከፈተ። በለጡ፣ ፀጉሯ ተንጨብርሮ፣ አንድ ዐይኗን ገልጣ ቆመች።

«ማን ሞተ?»

«እማማ ጌጤ!» ብለው ሴቶቹ እሪታውን ለቀቁት።

ከውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ። «በለጡ፣ ማን ሞቶብን ነው ልጄ? ነጠላዬን ዘቅዝቀሽ አልብሺኝ እስቲ።»

በለጡ ወደ ውስጥ ዞራ፣ «እርስዎ ነዎት አሉ!» አለቻቸው።

ጩኸቱ ወዲያው ቆመ። አንዲቱ ሴት አማተበች፣ አንዱ ጎረምሳ የያዘውን የድንኳን ብረት ጥሎ ሮጠ። ከዚያ ግርግር ተነሣ። ጋሽ ሻንቆ «አረፉ ብለሽኛል!» ይላል፤ በለጡ «አዎ አረፉ! ተኙ ማለቴ ነው፣ አንተ ደንቆሮ!» ትላለች። «ሰው ሲተኛ ተኛ ነው የሚባለው!» «ሲቃትት ያደረ ሰው ሲተኛ አረፈ ነው የሚባለው!» አቶ ዘውዴ፣ በደመ ነፍስ ነው መሰለኝ፣ «በሰዋስው ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ» አሉ። ይኼኔ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ስንስቅ እያለቀስን ነበር፣ ሁለቱም ባንድ ላይ መጣብን።

በሩ ላይ ተገፋፍተን ገባን። እማማ ጌጤ ትራስ ተደግፈው ሕዝቡን አንድ በአንድ ያያሉ። ድንኳኑን የተሸከሙትን አዩ፣ የቀላውን ዐይን ሁሉ አዩ፣ ጋሽ ሻንቆን አዩ፤ አልጋቸው ሥር ተንበርክኮ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ ነበር።

«ይሄ ሁሉ ሰው ለእኔ ነው?» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ሲበራ አየሁት። «ሰው አለኝ ለካ!»

እስከዚያ ቀን ድረስ፣ ጎረቤቶቻቸው ነንና ሰው እንዳላቸው የሚያውቁ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ነጋሪ አጥተው ኖሯል።

ወንዶቹ እያፈሩ ድንኳኑን መጠቅለል ጀመሩ። ሴቶቹም ድስቱን አነሡ። በለጡ ግን ነጠላዋን ስታሸርጥ አየኋት።

«ማነው ድንኳኑን አንሡ ያላችሁ?»

«እትዬ፣ የሞተ ሰው የለም እኮ» አለ አንዱ።

«አቶ ዘውዴ!» አለች። «ደንቡን ይንገሩኝ እስቲ። ቃል በቃል።»

አቶ ዘውዴ ደንቡን በቃላቸው ያውቁታል። «ጡሩምባ በተነፋ ጊዜ ማንኛውም አባል ሥራውን ትቶ ይወጣል፤ ድንኳን ይተከላል፤ የተተከለው ድንኳን እስከ ሰልስት አይነሣም፤ ያልተገኘ አባል ይቀጣል።»

«ጡሩምባ ሲነፋ ነው የሚለው ወይስ ሰው ሲሞት?»

አቶ ዘውዴ መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ። ቃሉን በሆዳቸው ደግመው ሲያነቡት ይታየኝ ነበር። ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ፎቶ አለማንሣቴ ነው። ደንብ አክባሪው ሰውዬ የራሳቸው ደንብ ያዛቸው። ወይም ደግሞ፣ እኔ እንደምጠረጥረው፣ ከእሑድ ጀምረው የሚይዛቸው ነገር ሲፈልጉ ነው የሰነበቱት።

«‘ጡሩምባ በተነፋ ጊዜ’ ነው የሚለው» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ፣ ድምፃቸው የድሮው የሰልፍ ሜዳ ድምፅ ሆነ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ትከሉ እንጂ!»

እንዲህ ሆኖ ነው ለአንዲት በሕይወት ላለች ሴት ድንኳን የተተከለው። እማማ ጌጤን ከነአልጋቸው አንሥተን ድንኳኑ ውስጥ አስገባናቸው፣ ቤታቸው ለሥራ ባዶ እንዲሆን። ለቅሶ ነው ተብሎ ሱቅ ተዘግቷልና ማንም ሥራ አለብኝ ማለት አልቻለም። የቀበሌ ቤት ያለ ፈቃድ አይነካምና አቶ ዘውዴ ራሳቸው ጥቁር ኮታቸውን እንደለበሱ ወረዳ ወርደው የጥገና ፈቃዱን ይዘው ተመለሱ። ባሕር ዛፉ ከእንጦጦ በኩል፣ ጭዱ ከሸጎሌ ከብት ገበያ መጣ። ጭቃውን የረገጡት ሸማኔዎቹ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሸማ ዕቃ ሲረግጡ የኖሩ እግሮች ጭቃ ላይ ሲወጡ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ጋሽ ሻንቆ እንደ ቅጣት አድርጎ ከሁሉም በላይ ረገጠ፤ ማንም ግን አልፈረደበትም ነበር።

በለጡ አትረግጥም፣ አትመርግም። መሐል ቆማ አፏን ትሠራበታለች። «አንተ፣ ማገሩ ጠሟል! አንቺ፣ ረቡዕ ያንቺ ተራ ነው፣ ገላቸውን ስታጥቢ ግራ ዳሌያቸውን እንዳትነኪ፣ ነይ ላሳይሽ።» የማጠቡን፣ የማገላበጡን፣ የመድኃኒቱን ነገር ለሴቶቹም ለወንዶቹም እዚያው ድንኳን ውስጥ አስተማረች። ወንዶቹ ሲያፍሩ፣ «ሬሳ ስትገንዙ አታፍሩ፤ ሕያው ሲሆን ነው የምታፍሩት?» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ማንም አላፈረም።

እማማ ጌጤ አልጋቸው ላይ ሆነው ይፈትላሉ። ማን እንደሰጣቸው ታውቃላችሁ፤ እንዝርቱን በለጡ ናት ያቀበለቻቸው፣ «ለማገሩ ማሰሪያ ክር አለቀብን» ብላ። ማገር በፈትል እንደማይታሰር እሳቸውም ያውቃሉ፣ እሷም ታውቃለች። ዝም ብለው ፈተሉላት። ለለቀስተኛ የተቀቀለው ንፍሮ ሲዞር ለእሳቸውም ተሰጣቸው። የራሱን የለቅሶ ንፍሮ የበላ ሰው ከእሳቸው ሌላ አላውቅም። «ጨው ያንሰዋል» አሉ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ መኪናው መጣ። ግድግዳው ቆሟል፣ ምርጊቱ ግን ገና እርጥብ ነው። ሰላም ከመኪናው ወርዳ ድንኳኑን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወይኔ! መቼ አረፉ?»

እንደዚያ ያለ ሳቅ ይጠብቀኛል ብላ አላሰበችም፣ ምስኪን። አስገብተን አስረዳናት። እማማ ጌጤን አየች፣ ቤቱን ዞራ አየች፣ ግድግዳውን በመዳፏ ነካችው። ደስ ብሏታል፣ ይታወቅባታል። ሥራዋ ግን ሥራ ነው።

«ቤቱስ ደኅና» አለች። «እኔን የሚያሳስበኝ ከዛሬ በኋላ ያለው ነው። የሰው ሆድ ሳምንት ይራራል፣ ከዚያ ይረሳል። እማማን እዚህ ትቼ ለመሄድ ኃላፊነት የሚወስድ ተጠሪ ያስፈልገኛል።»

«እኔ አለሁ አይደል?» አለች በለጡ።

«እትዬ በለጡ፣ አንቺማ አለሽ። ግን አንድ ሰው ነሽ። የያዝሻቸው ደግሞ ብዙ ናቸው። ነገ ብትታመሚስ? እማማ ዳግመኛ ብቻቸውን ሊሆኑ ነው።»

በሕይወቴ በለጡ መልስ ስታጣ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እጇ ወደ ባጇ ሄደ፤ ያዘችው። እማማ ጌጤ መፍተላቸውን አቆሙ። ድንኳኑ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው፣ እጁ በጭቃ የተለወሰ ሰው ሁሉ፣ መሬት መሬት ያያል። ሦስት ቀን መሥራት ይቻላል። ዕድሜ ልክ ግን ሌላ ነገር ነው።

አቶ ዘውዴ ከኋላ ተነሡ።

«ተጠሪው እድሩ ነው» አሉ።

ሰላም ተጠራጠረች። «እድር እኮ... ማለቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ እድር የሚቀብር አይደለም እንዴ?»

«መቅበርማ ቀላሉ ነው ልጄ» አሉ አቶ ዘውዴ። «እስከ ዛሬ ቀላሉን ስንሠራ ነው የኖርነው። አሁን ከባዱን እንጀምራለን። ከዛሬ ጀምሮ የእማማ ጌጤ ተራ የለቅሶ ተራ ያህል ግዴታ ነው፤ የቀረ ይቀጣል። የሚቃወም አባል ካለ ይነሣ።»

ማንም አልተነሣም። አቶ ዘውዴ መሐረቡን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፣ ቀስ ብለው ፈቱት፣ ማኅተሙን እፍ እፍ አሉና ሰላም በዘረጋችው ወረቀት ላይ ሁለት እጃቸውን ጭነው መቱ።

በለጡ ነጠላዋን ፈታች። ራሷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ እልልታውን አቀለጠችው። ሴቶቹ አንድ አፍታ ተያዩ፤ በልቅሶ ድንኳን እልል ተብሎ አያውቅምና። ከዚያ፣ ማክሰኞ ዕለት ሙሾ ሲያወርዱ ድምፃቸው የዘጋው ሴቶች ሁሉ፣ በተዘጋው ድምፃቸው፣ ተቀበሏት። ጋሽ ሻንቆ ሮጦ ጡሩምባውን አመጣና ነፋው፤ የታችኛው ሰፈር ሰው ደግሞ ማን ሞተ ብሎ ዳገቱን ሲወጣ፣ መኪናው ባዶውን ቁልቁል ሲወርድ መንገድ ላይ ተላለፉ።